ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ፦ ከጎብሊን የሚጀምር ውጊያ፣ ከሽሪምፕ የሚጀምር ሙያ

ስልኩ ደከም ያለ፣ ኢንተርኔቱም እንደነገሩ የሆነ፣ ግን ከሰው ጋር የሚጫወቱት ትልቅ ጌም መጀመር የሚፈልግ ሰው ምን ልጀምር ሲለኝ መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ። መጀመሪያ ስዕሉን ያዩና ፊታቸው ይለወጣል። አልፈርድባቸውም። የሰዎቹ ፊት ማዕዘን የበዛበት ነው፣ ዛፉም ሙዚቃውም የድሮ ነው። እኔ ግን ጌም የምመዝነው ጀማሪን እንዴት እንደሚይዝ አይቼ ነው፣ በዚህ በኩል ይሄኛውን የሚስተካከል ብዙ አላየሁም። ችግርም አለበት፣ እሱንም እናገራለሁ።

ስለ አመጣጡ ትንሽ ልበል፣ ውጊያው ለምን እንደዚህ እንደሆነ የሚገባችሁ ከዚያ ነው። ሩንስኬፕ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ነው። ጎወር የሚባሉ ወንድማማቾች እንግሊዝ አገር ሠሩት፣ ጃጌክስ የሚባለው ኩባንያም ካምብሪጅ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ውጊያው ከሥሩ ተቀየረ። አንዴ ነክቶ መዋጋት ቀረና እንደሌሎቹ ጌሞች ብዙ ቁልፍ እያፈራረቁ መጫን ሆነ። የድሮው ተጫዋች ተቆጣ፣ ብዙው ጥሎ ሄደ። ኩባንያው ደግሞ ከነሐሴ 2007 የተቀመጠ ቅጂ ነበረው። ተጫዋቹን ድምፅ አሰጥቶ በየካቲት 2013 የድሮውን ለብቻው ከፈተው። ኦልድ ስኩል የሚባለው እሱ ነው። እስከ ዛሬም አዲስ ነገር ሲጨመር ተጫዋቹ ድምፅ ይሰጥበታል፣ 70 ከመቶ ካልደገፈው አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ይሄን የምነግራችሁ ለታሪክ ብዬ አይደለም። ውጊያው ቀላል ሆኖ የቀረው ሰዎች ተሟግተውለት ነው፣ ቀላልነቱ ውስጥም ብዙ ነገር አለ።

ሂሳብ ከፍታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምትወርዱት ቱቶሪያል አይላንድ የሚባል ደሴት ላይ ነው። አሰልጣኞቹ ሁሉን ነገር ትንሽ ትንሽ ያስነኳችኋል። ዛፍ ትቆርጣላችሁ፣ እሳት ታነዳላችሁ፣ በትንሽ መረብ ሽሪምፕ ታጠምዳላችሁ፣ ትጠብሳላችሁ፣ ዳቦ ትጋግራላችሁ። ከዚያ ዋሻ ወርዳችሁ መዳብና ቆርቆሮ ትቆፍሩና አቅልጣችሁ ነሐስ ታወጣላችሁ፣ ከነሐሱ ጩቤ ትቀጠቅጣላችሁ። እዚያው ትልቅ አይጥ በሰይፍ፣ ሌላ አይጥ በቀስት፣ መጨረሻ ላይ ዶሮ በአስማት። ጥሩ አካሄድ ነው፤ ማንም ሰው ጨርሶ ሲወጣ እጁ ሁሉን ነክቷል። ቅሬታዬ ስለ ውጊያው ነው። የውጊያውን ሰሌዳ ያሳያችሁና ያልፋል። ሰሌዳው ላይ የምትመርጡት ምርጫ ለቀጣዩ ወር የት እንደምትደርሱ እንደሚወስን ማንም አይነግራችሁም። ጀማሪው ከደሴቱ የሚወጣው መምታት እንደሚችል አውቆ ነው፣ ሲመታ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም።

ከደሴቱ ቀጥሎ ላምብሪጅ ነው። ግንብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዝ። ድልድዩን ወደ ምሥራቅ ስትሻገሩ ጎብሊን የሚባሉ ትናንሽ ጭራቆች ይዞራሉ። የእህቴን ልጅ ያስጀመርኩት እዚያ ነው። ስልኩን ይዞ ጎብሊኑን በጣቱ ደጋግሞ ይጠቀጥቀዋል።

«አጎቴ፣ እየነካሁት እኮ ነው! ለምንድነው የማይፈጥነው?»

«አንዴ ከነካኸው ይበቃል። እጅህን አንሳና እየው።»

እጁን አነሳ። ልጁ የሠራው ሰውዬ ሰይፉን ሰነዘረ፣ ጎብሊኑ ላይ ሰማያዊ ዜሮ ወጣ። ጎብሊኑም መለሰ፣ እሱም ዜሮ። ጥቂት ቆየና ሰውዬው ደገመ፣ አሁን ቀይ 1። እንደገና ዜሮ። ከዚያ ቀይ 2። ልጁ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «እኩል ጊዜ እየጠበቀ ነው የሚመታው!» አለ። ቱቶሪያሉ ያልነገረውን ነገር በዓይኑ አገኘው።

የጌሙ ሰዓት በየ0.6 ሰከንዱ አንዴ ይመታል፣ ቲክ ይሉታል። መራመድም፣ መምታትም፣ መብላትም በዚያ ምት ነው የሚሄደው። ጣታችሁ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ቲኩ አይፈጥንም። እያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ የራሱ ፍጥነት አለው። ሺሚታር የሚባለው ቆልማማ ሰይፍ በየ4 ቲኩ፣ ማለትም በየ2.4 ሰከንዱ ይመታል። ረጅሙ ሰይፍ ሎንግሶርድ 5 ቲክ ይፈልጋል። በሁለት እጅ የሚያዘው ትልቁ ሰይፍ 7 ቲክ፣ 4.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። ጀማሪ ሁሉ ያን ትልቅ ሰይፍ ይወደዋል፣ ሲመታ ቁጥሩ ትልቅ ስለሚሆን። ለመሠልጠን ግን ሺሚታሩ ይሻላል፤ በዚያው ጊዜ ብዙ ምት ታሳርፋላችሁ፣ ጎብሊን ላይም ያ ትልቅ ቁጥር ለከንቱ ነው፣ ጎብሊኑ ያለው 5 ነፍስ (የሕይወት ነጥብ) ብቻ ነው።

ይሄ ቲክ የሚባለው ነገር ለእኛ አገር ተጫዋች ሌላም ጥቅም አለው። ተኩስ ጌም ላይ ኢንተርኔት ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ አለቀላችሁ፤ ገና ሳታዩት ሞታችኋል። እዚህ ግን ትንሽ መዘግየት ቲኩ ውስጥ ይዋጣል። ዎርልድ (የምትገቡበትን ሰርቨር) ስትመርጡ ብቻ አጠገቡ ያለውን ባንዲራ እዩ። ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ይልቅ የእንግሊዝ ወይም የጀርመን ይቀርበናል። የሞባይል ዳታውንም ብዙ አይበላም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በስልክ ወጥቷል፣ በኮምፒውተር የጀመራችሁትን ሂሳብ በስልክ ትቀጥሉታላችሁ፣ የተለየ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ሰይፍ ስትይዙ አራት ምርጫ አለ። አኪዩሬት የሚለውን ከመረጣችሁ የምታገኙት ልምድ ወደ አታክ ይገባል፣ አግሬሲቭ ወደ ስትሬንግዝ፣ ዲፌንሲቭ ወደ ዲፌንስ፣ ኮንትሮልድ ደግሞ ለሦስቱ ያካፍላል። አታክ የመምታት ዕድላችሁን ይጨምራል፣ የተሻለ መሣሪያ ለመያዝም ይፈቅድላችኋል። ስትሬንግዝ ስትመቱ የምታደርሱትን ጉዳት ያሳድጋል። ዲፌንስ የመመታት ዕድላችሁን ይቀንሳል፣ የተሻለ ጥሩርም ያስለብሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥሩር ጉዳት አይቀንስም። ጠላት ሲስት ይስታል፣ ካገኛችሁ ግን የሚያደርሰው ጉዳት ያው ነው። ስለዚህ «ሙሉ ብረት ለብሼ ለምን ይጎዳኛል» ብላችሁ አትበሳጩ።

ሂሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ጉዳት ባደረሳችሁ ቁጥር በመረጣችሁት ስኪል (ችሎታ) 4 ኤክስፒ፣ ማለትም የልምድ ነጥብ፣ ታገኛላችሁ፣ ከላዩም ለሂትፖይንት (ለነፍሳችሁ መጠን) ትንሽ። ጎብሊኑ 5 ነፍስ አለው፣ ስለዚህ አንዱን መግደል 20 ኤክስፒ ነው። ሌቭል 2 ለመግባት 83 ኤክስፒ ያስፈልጋል። አምስተኛው ጎብሊን ሲወድቅ ርችት ይተኮሳል፣ ሌቭል 2 ናችሁ። ያቺ ርችት ቀላል አይደለችም፣ የእህቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ እናቱን ጠርቶ ነው ያሳየው። ከዚያ ግን ዳገት ይሆናል። በየሰባት ሌቭሉ ግድም የሚጠየቀው ልምድ እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻው ሌቭል 99 ነው፣ 13,034,431 ኤክስፒ ይጠይቃል። ሌቭል 92 ላይ ስትደርሱ ገና ግማሹ ላይ ናችሁ። ይሄን ሰምቶ ልቡ የሚደነግጥ አለ። እኔ የምለው ለጀማሪ 99 ጉዳዩ አይደለም ነው። ከ1 እስከ 40 ያለው መንገድ ፈጣን ነው፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው የሚከፈትላችሁ ነገር አለ።

የሚከፈተውም ይሄ ነው። ነሐስና ብረት ሰይፍ ማንም ይይዛል። ከነሱ የሚበልጡት ብረቶች ግን ሌቭል ይጠይቃሉ፦ ስቲል አታክ 5 ይፈልጋል፣ ሚስሪል 20፣ አዳማንት 30፣ ሩን 40። የእኔ አካሄድ አታኩን ለሚቀጥለው መሣሪያ እስኪበቃ ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ አግሬሲቭ ላይ አድርጎ ስትሬንግዝ ማብላት ነው። ስትሬንግዝ ቀደም ካለ ጠላት ቶሎ ይወድቃል፣ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። ዲፌንስን ግን ጭራሽ አትርሱት፣ አለዚያ ምግባችሁ ከእጃችሁ ያልቃል።

ከጎብሊን ቀጥሎ ላምብሪጅ አጠገብ ካሉት በረቶች ግቡ። ዶሮ 3 ነፍስ፣ ላም 8። የላሟን ቆዳ አትጣሉ። አልካሪድ ከተማ ወስዳችሁ ታለፉታላችሁ፣ ክራፍቲንግ (የእጅ ሥራ) ትለማመዱበታላችሁ ወይ ትሸጡታላችሁ። የዶሮዋን ላባም ሰብስቡ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። አጥንቱን ደግሞ ቅበሩ፣ ፕሬየር የሚባለው ስኪል የሚያድገው እንደዚያ ነው። አንድ በግ ሥጋው ለወጥ ቆዳው ለአጎዛ እንደሚሆነው ነው፣ ከምትገድሉት ነገር የሚጣል የለም።

እዚያው ላም እየገደላችሁ ሳምንት እንዳትቆዩ ግን። ኩዌስት፣ ማለትም ታሪክ ያለው ተልእኮ፣ አለ። ይሄን ነገር ጀማሪዎች ይዘሉታል፣ ማንበብ ስለሚጠይቅ። በነጻ ከሚሠሩት አንዱ ቫምፓየር ስሌየር የሚባለው ነው፣ ድሬይኖር መንደር አጠገብ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ ያለውን ቫምፓየር መግደል። ነጭ ሽንኩርት ትይዛላችሁ፣ ቫሮክ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ያለ ሽማግሌ ቢራ ሲገዛለት የሚወጋበትን እንጨት ይሰጣችኋል፣ መዶሻም ያስፈልጋል። ቫምፓየሩ ሌቭል 34 ስለሆነ ምግብ ሞልታችሁ ሂዱ። ስትጨርሱ 4,825 የአታክ ኤክስፒ ይሰጣችኋል፣ ከዜሮ የጀመረ ሰው በአንድ ጊዜ ሌቭል 20 ይገባል። በጎብሊን ቢሆን ከ240 በላይ ጎብሊን ነው። አንድ ምሽት ንባብና ሩጫ ያን ሁሉ ድካም ያድናል።

ስለ ምግብ ስናወራ፣ ሙያና ውጊያ የሚገናኙት እዚህ ነው፣ ጌሙን የወደድኩትም በዚህ ነው። ነፍሳችሁ በራሱ ይመለሳል፣ ግን እጅግ ቀስ ብሎ። ውጊያ መሀል የሚያድናችሁ ምግብ ነው። ሽሪምፕ 3 ነፍስ ይመልሳል። ትራውት 7፣ ሳልመን 9፣ ሎብስተር 12፣ ሶርድፊሽ 14። የምትይዙበት ቦርሳ 28 ቦታ ብቻ አለው። 28 ሽሪምፕ ይዞ የሄደና ደርዘን ሎብስተር ይዞ የሄደ ሰው እኩል አይዋጉም። መብላትም ዋጋ አለው፣ አንዴ ስትበሉ የሚቀጥለው ምታችሁ 3 ቲክ ይዘገያል። ስለዚህ መቼ እንደምትበሉ ማወቅ ራሱ ችሎታ ነው። ጠላታችሁ በአንድ ምት ቢበዛ ስንት ሊያደርስ እንደሚችል እወቁ፣ ነፍሳችሁ ከዚያ ቁጥር በታች እስኪወርድ ግን አትጠብቁ።

ምግቡን መግዛት ይቻላል፣ ለጀማሪ ግን ማጥመድ ይሻለዋል። ሽሪምፕ ከሌቭል 1 ጀምሮ በመረብ ይያዛል። ትራውት ለመያዝ ፊሺንግ 20 መድረስ፣ ለሳልመን 30። ሁለቱም ባርባሪያን ቪሌጅ ወንዝ ላይ በዘንግ ይያዛሉ፣ ማጥመጃው ደግሞ ላባ ነው። የዶሮዋ ላባ ለዚህ ነው የሚፈለገው። ወንዙ ዳር ሁልጊዜ ሰው አለ፣ እሳት የሚያነድ አይጠፋም፣ እሱ ላይ ትጠብሳላችሁ። መጀመሪያ ግማሹ ያርርባችኋል። ኩኪንግ ሲያድግ ማረሩ ይቀንሳል። እዚያ ቆሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ከጌሙ ትልቁ ደስታ ነው ብዬ ነው የማምነው። አንዱ ምክር ይለግሳል፣ ሌላው ዕቃ ይሰጣል። በፍጥነት የሚሮጥ ጌም ላይ ለዚህ ጊዜ የለም።

ኩክስ አሲስታንት የሚባለው የመጀመሪያ ኩዌስትም የተሠራበት መንገድ አሪፍ ነው። የላምብሪጅ ግንብ ወጥ ቤት ያለው ወጥ ሠሪ ለኬክ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት ይፈልጋል። እንቁላሉ ዶሮ በረት፣ ወተቱ ከላም በባልዲ። ዱቄቱ ነው ሥራው። ከማሳ ስንዴ ትለቅማላችሁ፣ ወፍጮ ቤት ገብታችሁ እስከ ላይኛው ፎቅ ትወጣላችሁ፣ ስንዴውን ማስገቢያው ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ማንሻውን ትስባላችሁ፣ ከዚያ ታች ወርዳችሁ ባዶ ማሰሮ ይዛችሁ ዱቄቱን ታፍሳላችሁ። ማሰሮ ካልያዛችሁ ዱቄቱ አይወጣም። በዚህች አጭር መንገድ ጌሙ እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ ያሳያችኋል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ዕቃ ስታዩ ይሄስ በምን ይሠራል ብላችሁ መጠየቅ ትጀምራላችሁ።

በአሁኑ ሰዓት 24 ስኪል አለ፣ የመጨረሻው መርከብ መንዳት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የገባ። ከነዚህ 15ቱ በነጻ ነው የሚሠሩት። ለጀማሪ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ማዕድን ቁፋሮ ከመዳብ ይጀምራል፣ ብረት ሌቭል 15 ላይ ይከፈታል። ብረት ስታቀልጡ ግማሹ እንደሚበላሽ እወቁ፣ እንዲያው ነው የተሠራው። ዛፍ ኦክ በ15፣ ዊሎው በ30። እንጨት መቁረጥ እጅ የማይፈልግ ሥራ ስለሆነ ሌላ ነገር እየሠሩ የሚያስኬዱት ነው፣ ስልኩን አጠገብ አስቀምጦ። እሳት ማንደድ ግን ልክ የለሽ አሰልቺ ነው፣ ወደድኩት ብዬ አልዋሽም።

ወደ ውጊያ ልመለስ። ውጊያ ሦስት ዓይነት ነው፣ በቅርብ በሰይፍ፣ በርቀት በቀስት፣ በአስማት። በቅርብ የሚዋጋው ባለቀስቱን ያሸንፋል፣ ባለቀስቱ አስማተኛውን፣ አስማተኛው ብረት የለበሰውን። ለዚህ ነው ብረት ለብሰው አስማት የሚሞክሩ ጀማሪዎች ዜሮ በዜሮ የሚሆኑት፤ ብረቱ የአስማታቸውን ዒላማ ያበላሸዋል። አስማት ስትሞክሩ ብረቱን አውልቁ። የመጀመሪያው ዊንድ ስትራይክ ነው፣ ከሌቭል 1። ፋየር ስትራይክ 13 ላይ ይመጣል፣ እስከ 8 ጉዳት ያደርሳል፣ ለዚያ ሌቭል ብዙ ነው። የአየር ሩን (አስማት ስትጥሉ የሚያልቅ ድንጋይ ነው) በየጊዜው ከመግዛት የአየር በትር ግዙ፣ ከያዛችሁት የአየር ሩን አያልቅባችሁም።

ለቀስትና ለአስማት አንድ ቦታ ልጠቁም። ከድሬይኖር በስተደቡብ የጠንቋዮች ግንብ አለ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ሌሰር ዲመን የሚባል ጭራቅ በረት ውስጥ ተዘግቶበታል። ሌቭል 82 ነው፣ ለጀማሪ ሞት ነው። ግን ከበረቱ አይወጣም። ውጪ ቆማችሁ ቀስት ትለቃላችሁ፣ እሱ አይደርስባችሁም። ሴፍ ስፖት ይሉታል። ብዙ ሰው ይሻማዋል እንጂ ቦታው አሪፍ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የትም ይሠራል፤ ጠላት የማያልፈው አጥር፣ ድንጋይ ወይም ጠረጴዛ ካለ በመሀላችሁ አድርጉት።

አታካችሁ 30 ወይ 40 ሲገባ ሂል ጃየንት የሚባሉትን ግዙፎች ፈልጉ፣ ኤጅቪል የምትባለው መንደር ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ። 35 ነፍስ አላቸው፣ የሚጥሉት ትልቅ አጥንት ሲቀበር 15 የፕሬየር ኤክስፒ ይሰጣል፣ ተራው አጥንት 4.5 ነው የሚሰጠው። ፕሬየር ለምን? ሌቭል 37 ላይ ከአስማት፣ 40 ላይ ከቀስት፣ 43 ላይ ከሰይፍ የሚከላከል ጸሎት ይከፈታል። 43 የደረሰ ሰው ያንን ሲያበራ በሰይፍ ብቻ የሚመታ ጭራቅ ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርገውም። ሲያልቅ ላምብሪጅ ቤተ ክርስቲያን ያለው መሠዊያ ላይ ይሞላል። 43 ድረስ መቅበር ትዕግስት ይጠይቃል፣ ግን ከዚያ በኋላ የምትፈሯቸው ነገሮች ይቀንሳሉ።

መሞት አይቀርም። ስትሞቱ ውድ ከሆኑት ዕቃዎቻችሁ ሦስቱ አብረዋችሁ ይቀራሉ፣ የቀረው መቃብር ላይ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ሮጣችሁ ታነሱታላችሁ። ይሄ የመቃብር ሕግ ግን ዊልደርነስ የሚባለው ምድር ውስጥ አይሠራም። ከኤጅቪልና ከቫሮክ በስተሰሜን ያለውን ቦይ ከዘለላችሁ ሌላ ተጫዋች ሊገድላችሁና ዕቃችሁን ሊወስድ ይችላል። አንዱ መጥቶ «ና አብረን እንግባ፣ ጥሩ ገንዘብ አለ» ቢላችሁ አትግቡ። «ብርህን ስጠኝ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚለውንም አትመኑ፣ ግራንድ ኤክስቼንጅ ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ጌሙ ይሄን ለጀማሪ ከበድ አድርጎ ማስጠንቀቅ ነበረበት፣ ሌላው ቅሬታዬ ይሄ ነው። አብሮትም ቦት፣ በፕሮግራም የሚንቀሳቀስ ሂሳብ፣ አለ፤ ዛፍ ሥርና ዓሣ ማጥመጃው ላይ ሰው የሚመስል ግን ሰው ያልሆነ ታገኛላችሁ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ነጻው ክፍል በእውነት ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም አያስቸግራችሁም። የሚከፈልበት ሜምበርሺፕ ግን ዓለሙን ብዙ እጥፍ ያሰፋዋል። እዚያ ውስጥ ዋተርፎል ኩዌስት የሚባል አለ፣ ለአታክም ለስትሬንግዝም 13,750 ኤክስፒ ይሰጣል፣ ሁለቱንም ከ1 ወደ 30 የሚያስገባ። አገር ቤት ያለን ሰዎች ችግር ክፍያው በውጭ ካርድ መሆኑ ነው። ውጭ ዘመድ ያለው ይከፈልለታል። ሌላው መንገድ ቦንድ የሚባለውን ዕቃ በጌሙ ወርቅ ከሌላ ተጫዋች መግዛት ነው፣ የ14 ቀን ሜምበርሺፕ ይሰጣል። ዋጋው ግን በሚሊዮኖች ነው፣ ነጻ ተጫዋች ያንን ለማጠራቀም ብዙ ይለፋል። የእኔ ምክር ነጻውን አጥግባችሁ ተጫወቱ፣ ሩን ሺሚታር ይዛችሁ ሂል ጃየንት ሳያስቸግራችሁ ሲቀር ያኔ አስቡበት።

አማርኛ የለውም፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ኩዌስት ላይ ማንበብ ግድ ነው። ለታዳጊ ልጅ ይሄን እንደ ችግር አላየውም፣ ፍላጎት ስላለው ያነባል። ሊገባው ያልቻለ ኦልድ ስኩል ዊኪን ይክፈት፣ ተጫዋቾች የሚጽፉት ነው፣ እያንዳንዱ ጭራቅ ስንት ነፍስ እንዳለው፣ ቢበዛ ስንት እንደሚመታ፣ ምን እንደሚጥል ተጽፎበታል። እኔ አዲስ ቦታ ከመግባቴ በፊት ሁሌም እሱን አያለሁ።

አዲስ ነጻ ሂሳብ ገበያው ላይ አንዳንድ ዕቃ መሸጥ አይፈቀድለትም፣ ጥቂት ሰዓት እስኪጫወት፣ ጥቂት ሌቭልና የኩዌስት ነጥብ እስኪያገኝ። ከቦት ለመከላከል ነው፣ ተበላሸ ብላችሁ አትደናገጡ። ሂሳቡን ስትከፍቱ ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫውን ያኔውኑ አብሩት፣ ኢሜይላችሁም ሌላ ፓስወርድ ይኑረው። ወርቁም ዕቃውም እውነተኛ ገንዘብ ስለሚያወጣ ሌባ ይፈልገዋል፣ ልጆቻችሁም የሚጫወቱ ከሆነ ይሄን ቁጭ ብላችሁ አብራችኋቸው አድርጉት።